መመሪያ ለማን ይጻፋል?

ለመሥሪያ ቤት ሥራ ብለው አማርኛን የሚማሩ አንባቢዎቻችን፣ ደብዳቤ መጻፍን ከለመዱ በኋላ የሚገጥማቸው ሁለተኛው ፈተና የአሠራር መመሪያ መጻፍ ነው። ደብዳቤ ግልጽ ባይሆን ተቀባዩ መልሶ ይጠይቃል። መመሪያ ግን ጸሐፊው በሌለበት ቦታ ተነቦ ወዲያው በሥራ ላይ የሚውል ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የሚታወቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። እኛም አማርኛን በትምህርት ያገኘነው እንጂ አፋችንን የፈታንበት ስላይደለ፣ በዚህ ረገድ የደረሰብንን ሳንሸሽግ ልንነግራችሁ ወደድን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጤና ጣቢያዎች የሚታደል አንድ ገጽ መመሪያ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ጉዳዩ ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰጠውን፣ ኦ. አር. ኤስ. የተባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚመለከት ነበር። የጻፍነውም እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከላይ የተጠቀሰው ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ ከተበጠበጠ በኋላ ለሕሙሙ ሕፃን እንዲሰጥ ሆኖ፣ ውኃው አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን ይኖርበታል።» አለቃችን አንብበው አማርኛውን አመሰገኑ፤ ማኅተምም ተመታበት። እኛም ደስ እያለን ወጣን።

ወረቀቱ በሚታደልበት ቀን በአንድ ጤና ጣቢያ ተገኝተን ነበር። ነርሷ ሕፃኗን ለታቀፈች አንዲት እናት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። እናቲቱም በጥሞና ካዳመጠች በኋላ፣ «እሺ እኅቴ፤ ሊትር የምትይው በእኔ ጣሳ ስንት ይሆናል?» ስትል ጠየቀች። ነርሷ ወደ እኛ ተመለከተች። እኛ ግን የምንመልሰው አልነበረንም።

ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የሕይወት ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው ቀመር የተዘጋጀው የ20.5 ግራም ፓኬት የተመጠነው ለ1 ሊትር ውኃ ነው። ውኃው ቢያንስ ጨዉ ይበረታና ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ቢበዛም ይቀጥንና የሚገባውን ያህል አይረዳውም። ስለዚህ መለኪያውን ያልነገረ መመሪያ መድኃኒቱን ሰጥቶ መድኃኒትነቱን እንደ መንሣት ይቆጠራል።

ወደ ቢሮ ተመልሰን ዐረፍተ ነገሩን ብንመረምረው፣ ሌሎች ሁለት ጉድለቶች አገኘንበት። አንደኛው የቅደም ተከተል ጉድለት ነው። ውኃውን ማፍላት የመጀመሪያው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን በመጨረሻ ጻፍነው። እየሰማች የምትሠራ እናት «አስቀድሞ ፈልቶ» ከሚለው ቃል ስትደርስ፣ ዱቄቱን ካልፈላ ውኃ ጋር በጥብጣው ትገኛለች። ለዚህ አማርኛ ራሱ መድኃኒት አለው። «አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ለክተው ይጨምሩ» ብንል፣ ግሶቹ እንደ ሥራው ተራ ተከታትለው ይሰለፋሉ፤ የሚቀድመው ይቀድማል፣ የሚከተለውም ይከተላል። ተማሪዎች ይህን የግስ አካሄድ አዘውትረው ቢለማመዱት ብዙ ይጠቀሙበታል።

ሁለተኛው የባለቤት ጉድለት ነው። «እንዲሰጥ» የምትለው ቃል «ሰ» ላልታ ስትነበብ ሰጪውን፣ ጠብቃ ስትነበብ የሚሰጠውን ነገር ታመለክታለች። ፊደላችን ግን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ አያሳይም። «ይለካል»፣ «ይነካል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። አንባቢው ንባቡን አቃንቶ ቢያነበው እንኳ፣ ሰጪው ማን እንደ ሆነ ወረቀቱ አይናገርም፤ ነርሷ ናት ወይስ እናቲቱ? «ይስጡት» ብሎ በቀጥታ የሚያዝ ቃል ግን ሥራውን ለባለቤቱ ያስረክባል፤ አክብሮቱም አይጓደልም።

ስለዚህ ወረቀቱን እንደገና እንዲህ ስንል ጻፍነው፦ «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ውኃ አፍልተው ያቀዝቅዙ። ከቀዘቀዘው ውኃ በባለ 1 ሊትሩ ሃይላንድ አንድ ሙሉ ለክተው በንጹሕ ዕቃ ይገልብጡ። የአንዱን ፓኬት ዱቄት በሙሉ ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉ። ሕፃኑን ባስቀመጠው ቁጥር በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ያጠጡት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይተው ቀስ እያሉ እንደገና ይስጡት። የተረፈውን ነገ በዚህ ሰዓት ደፍተው አዲስ ይበጥብጡ።» አለቃችን «ሃይላንድ» የሚለውን ቃል ሲያዩ የገበያ ቋንቋ ነው ብለው ጥቂት ቅር አላቸው። ሆኖም እናቲቱ የምታውቀው የላስቲክ ጠርሙሱን በዚያ ስም መሆኑን ባስረዳናቸው ጊዜ ፈቀዱልን።

በሌላም አገር ይህን መንገድ የተከተሉ አሉ። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ. ኤ. አ. ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ሠራተኞቹን ከቤት ወደ ቤት እየላከ፣ ለ12 ሚሊዮን ያህል ቤተ ሰቦች የተቅማጥ መጠጥ አዘገጃጀትን አስተምሯል። ፓኬት በሁሉም ቦታ ስላልነበረ፣ መለኪያው የእናቶቹ የገዛ እጅ ሆነ። ጨዉ በሦስት ጣት ይቆነጠር፣ ጉር የተባለው የአገዳ ስኳር ደግሞ በእጅ ይዘገን ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የአስተማሪዎቹ አከፋፈል ነው። እናቶቹ በኋላ እየተጠየቁ፣ ክፍያው ትምህርቱን ባስታወሱት መጠን ይወሰን ነበር። እናቲቱ ብትረሳ ጥፋቱ የአስተማሪው እንጂ የእርሷ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ ፓኬቱ በሚገኝበት ሁሉ በእጅ ግምት ከመቀመም እርሱን መጠቀም ይሻላል። የአስተማሪዎቹ ሥርዓት ግን መመሪያ ለሚጽፍ ሹም ሁሉ ትምህርት ይሆናል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። የመመሪያም ሥሩ ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው። እንግዲህ መመሪያ ስትጽፉ፣ ማኅተም ከመመታቱ በፊት ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው፣ ለዘበኛውም ሆነ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ አንብባችሁ ሥራውን በፊታችሁ እንዲሠሩት ለምኗቸው። እጃቸው ቆም ካለ፣ የሚታረመው ዐረፍተ ነገራችሁ ነው። እኛ ይህን የተማርነው ከሰዋስው መጽሐፍ ሳይሆን፣ ሕፃን ታቅፋ ስለ ጣሳዋ ከጠየቀች እናት ነው።