የሕግ ምሩቅ ጠበቃ ከመሆኑ በፊት ይለማመድ



በሕግ ትምህርት ተመርቀው ጠበቃ ለመሆን ስለሚያስቡ ወጣቶች ጥቂት የምለው ስላለኝ፥ ይህ ደብዳቤ በአንባቢያን ዓምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለአስተማሪነት የሚሠለጥን ሰው ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን፥ በነባር አስተማሪ ፊት ቆሞ እንዲያስተምርና ስሕተቱ እንዲታረምለት የሥልጠናው ደንብ ያዛል። ሐኪሙም ከታላላቆቹ ሥር ሆኖ በሆስፒታል ሌሊቱን ሲያነጋ ካልከረመ በሽተኛ ለብቻው አይሰጠውም። የሰውን መሬት፥ ቤትና ነፃነት በእጁ የሚይዘው ጠበቃስ በማን ሥር ሆኖ ነው ሥራውን የሚማረው?

የሕግ ትምህርት ባገራችን ብዙ መንገድ እንደ መጣ አይካድም። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ከተከፈተ ወዲህ ትምህርቱ ባያሌ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል፤ በ1999 ዓ.ም. ገደማም ከ4 ዓመት ወደ 5 ዓመት ከፍ ብሎ የተግባር ልምምድና የመውጫ ፈተና ተጨምሮበታል። መልካም ነው። ነገር ግን ያ ልምምድ ከመመረቅ በፊት የሚደረግ ነው። ተማሪው ችሎት ገብቶ ያያል፥ ይጽፋል፥ ይመለሳል እንጂ «ይህ ባለጉዳይ የኔ ነው፤ ቢረታ በኔ ነው» የሚል ኃላፊነት አይወድቅበትም። ለዳኞችና ለዐቃብያነ ሕግ በፌዴራልም በክልልም ማሠልጠኛ ተቋማት ተቋቁመዋል፤ ከድኻው ጎን የሚቆመው ጠበቃ ግን በዚያ ደጅ ሲገባ አይታይም።

ነገሩ የሚብሰው ከከተማ ሲርቁ ነው። እኔ የማስተምረው በዋግ ኽምራ ነው። የፃግብጂ ገበሬ ክርክሩን በወረዳው ፍርድ ቤት ይጀምርና፥ ይግባኝ ያለው እንደ ሆነ ሰቆጣ ወደሚያስችለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይወጣል፤ ከዚያም አልፎ ባሕር ዳር የሚያደርስ ጉዳይ አለ። ጠበቃ በብዛት የሚገኘው ባዲስ አበባና በትልልቆቹ ከተሞች ነው፤ በደጋው ወረዳ ቢሮ ከፍቶ መቀመጥ አያበላውም። ስለዚህ ገበሬው የሚሄደው ወደ ራፖር ጸሐፊ ነው፤ ወይም እስክሪብቶ ይዘን ስለምንታይ ወደ እኛ ወደ አስተማሪዎች ይመጣል።

በዚህ ምክንያት ያነበብኳቸው ማመልከቻዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ሦስት ገጽ ሙሉ የሰውየውን ግፍ ያትታል፤ አባቱ መሬቱን እንዴት እንዳቀናው፥ ጎረቤቱ ድንበሩን በየትኛው ክረምት እንደ ገፋ ይዘረዝራል፤ ቢያነቡት ያስለቅሳል። ከገጹ ሁሉ ውስጥ ግን ፍርድ ቤቱ ምን እንዲፈርድለት እንደሚጠይቅ የሚናገር አንድ መስመር አይገኝም። የምስክሮች ስምና የማስረጃ ዝርዝር አልተያያዘም። የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰው «በደኻ ደንብ» እንዲከስ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን እንደሚፈቅድለት የነገረውም የለም፤ ስለዚህ በሬውን ሸጦ ይከፍላል። ይግባኙስ? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሰጠው 60 ቀን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው 60 ቀን ረዥም ነው፤ የፍርዱን ግልባጭ ለመቀበል በእግሩ ተመላልሶ፥ ሰብሉን ሰብስቦ፥ የሚጽፍለት ሰው ፈልጎ ለሚያገኝ ሰው ግን ሳያስበው ያልቃል። ጊዜው ካለፈ ደግሞ እውነቱ ከርሱ ጋር ቢሆንም በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ቤቱ ተዘርፎ የመሬት ደብተሩ የጠፋበት ሰውማ በምን ማስረጃ ይከራከር?

በቋንቋም ረገድ ችግር አለ። ኽምጣንጋ ተናጋሪዋ እናት ጉዳይዋን በአስተርጓሚ ስታስረዳ፥ የነገሩ ፍሬ የት ላይ እንደ ሆነ በትዕግሥት ጠይቆ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋታል። ይህን ትዕግሥት የመማሪያ መጽሐፍ አይሰጥም።

«የሥራ ልምድ ይጠየቅ የለም ወይ?» የሚሉ ይኖራሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 199 ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጠበቃ ከዲግሪ በኋላ የ2 ዓመት ልምድ ይጠይቅ ነበር። እርሱን የተካው የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1249 ደግሞ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቁሟል፤ ጠበቆችም በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ዓመት መቁጠርና መሠልጠን ግን ለየቅል ናቸው። ባንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲመራ የኖረም ልምድ አለው ይባላል።

በጀርመን አገር የሕግ ምሩቅ ሁለት ዓመት ያህል በፍርድ ቤት፥ በዐቃቤ ሕግና በጠበቃ ቢሮ እየተዘዋወረ በመንግሥት አበል ይለማመዳል። ናይጄሪያም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አይበቃም ብላ ከ1955 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ ጠበቃ ለሚሆኑት የተለየ የሕግ ትምህርት ቤት ከፍታለች። በእንግሊዝ አገር ሶሊሲተር የሚባለው፥ ባለጉዳይ ተቀብሎ ሰነድ የሚያዘጋጀው የሕግ ሰው፥ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ሥርዓት ፈተናውን ከማለፉ ሌላ የሁለት ዓመት ሥራ ማሳየት አለበት፤ ያም ሥራ ለድኾች ነፃ ምክር በሚሰጥበት ቦታ ቢሆን ይቆጠርለታል። ለኛ የሚጠቅመን በተለይ ይህ የመጨረሻው ነው።

ሐሳቤም ይህ ነው። የሕግ ምሩቅ የጥብቅና ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት አንድ ዓመት በነባር ጠበቃ ኃላፊነት ሥር ይለማመድ፤ ከዓመቱም እኩሌታውን እንደ ፃግብጂ ባለ ወረዳ ማመልከቻ በመጻፍ፥ ባለጉዳይ በመምከርና ይግባኝ በማዘጋጀት ያሳልፍ። የጻፈውን ሁሉ ሰቆጣ ወይም ባሕር ዳር ያለ ጠበቃ እያየ ያርምለት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለድኾች እንዲያገለግል ደንግጎ ነበርና፥ ለማጅ ማረሙ ከዚህ አገልግሎት ቢቆጠርለት ተቆጣጣሪ አይታጣም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ ድጋፍም አብሮ ሊሠራ ይችላል።

ወጣቱ ፃግብጂ ሂድ ሲባል ፊቱ ይጠቁር ይሆናል። ነገሩ ግን ላገራችን እንግዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ሆነው ነው። አጉረምርመው የሄዱ ነበሩ፤ ያገራቸውን ሕዝብ ያወቁትም በዚያው ነው።

የሚከብደው አበሉ ነው። አምስት ዓመት ያስተማረ ወላጅ ደሞዝ ሲጠብቅ ልጁን «አንድ ዓመት በነፃ ሥራ» ማለት ግፍ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ጠበቃ የሚሆነው የሀብታም ልጅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ክልሉ በፍትሕ ቢሮው በኩል መጠነኛ አበል፥ ወረዳውም ማደሪያ ቤት ቢሰጥ ይገባል። በበጀት ክፍል ያላችሁ አንባቢያን ዋጋውን ከኔ ይልቅ ታሰሉታላችሁ፤ በሒሳቡ ላይ ግን ማመልከቻው ያላማረለትን ባለጉዳይ ስትመልሱና ስትቀጥሩ የሚጠፋባችሁን የሥራ ሰዓትም ጨምሩበት።

የፍትሕ ሚኒስቴር፥ የክልሉ ፍትሕ ቢሮና የጠበቆች ማኅበር በዚህ ጉዳይ ያላቸውን አሳብ በዚሁ ዓምድ ቢገልጹልን እናመሰግናለን።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከዋግ ኽምራ