«እጄ ነው ወይስ ካሜራዋ?»

የፍቅር ደብዳቤዎቹን ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድሬ ዛሬ አንድ የካሜራ ጣጣ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ጸሐፊው የ22 ዓመት ወጣት ነው። ከአጎቱ የወረሳት ዜኒት ኢ አለችው። የታመሙ አያቱን ቤት ውስጥ አነሳቸው። «ከ36ቱ ሰው የሚመስሉት አራቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ተንቀጥቅጧል። አያቴ ደግሞ ብዙ የሚቆዩልኝ አይመስለኝም። ጓደኛዬ ማንሻው ላይ የምትገጠም ሶፍት ሪሊዝ የምትባል ነገር ግዛ አለኝ። ትረዳኛለች?» ይላል።

ወንድሜ፣ ግዛት። ግን ሥራዋን እወቅ። የዜኒት ማንሻ ጠንካራ ነው፤ እስኪለቅ ድረስም ብዙ ቁልቁል ይሄዳል። በጣትህ ጫፍ ስትገፋው ካሜራዋም አብራ ትወርዳለች። ሶፍት ሪሊዝ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ብረት ናት። ከማንሻው ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ የጣትህን ሆድ አሳርፈህ ቀስ እያልክ ትጫናለህ። በቃ፣ ይኸው ነው! የውስጡን ሞላ አታላላም፤ መስታወቱ ሲነሳ የሚያንኳኳውንም አታስቀርም።

ማንሻው መሐል ላይ ለሽቦ መልቀቂያ የተሠራ ባለ ጥርስ ቀዳዳ አለ አይደል? እዚያ ውስጥ በሁለት ጣት እያሽከረከርክ ታስገባታለህ። ፒንሳ እንዳትነካ! ቀዳዳው ወደ ውስጥ እየጠበበ ስለሚሄድ በጉልበት ካጠበቅከው ጥርሱ ይበላል። ከላላች ደግሞ መንገድ ላይ ጥላህ ትሄዳለች (ስንቱን ጥላ ሄዳለች መሰላችሁ!)፤ ስለዚህ ከሥሯ ቀጭን ጎሚኒ አድርግባት። ሱፐር ግሉ ጠብ አድርግ የሚልህን አትስማ። ፊልም ሳታስገባ ባዶውን ደጋግመህ ሞክር። ማንሻው ተጭኖ ከቀረ እግሯ ረዝሟል ማለት ነው፤ ለውጣት።

ፔንታክስ ኬ 1000፣ ካኖን ኤ ኢ 1 ወይም ኒኮን ኤፍ ኤም 2 ያላችሁም ቀዳዳው አላችሁ። የድሮዎቹ ኒኮን ኤፍ እና ኤፍ 2 ግን ጥርሳቸው በውጭ በኩል ስለሆነ አትገባላቸውም።

አንድ ክፉ ጠባይ አላት፤ ቦርሳ ውስጥ ነካ ሲያደርጋት ትተኩሳለች። ኤፍ ኤም 2 የፊልም መሳቢያዋን ወደ አካሏ ስትገፉት ትቆለፋለች። ኬ 1000 እና ዜኒት እንዲህ ያለ መቆለፊያ የላቸውምና፣ ልታነሱ ስትሉ ካልሆነ ፊልሙን አትሳቡ።

ወደ አያትህ ልመለስ። ሌንስህ 58 ሚሊ ሜትሩ ሄሊዮስ ከሆነ፣ በእጅ ሲያዝ ብዙ የማያሰጋው ፍጥነት 1/60 ነው። የቤት ብርሃን ግን ወደ 1/30 ይጎትትሃል። ሶፍት ሪሊዟ የምትጠቅምህ እዚህች ላይ ነው። ባለ 400 ፊልም አስገባ፤ ሌንሱን እስከ 2 ክፈትና ዓይናቸው ላይ አስተካክል። ክርንህን ከጎንህ አጣብቅ፣ ግድግዳ ደገፍ በል፣ አየር አውጥተህ ስትጨርስ ተጫን። የእሳቸውን ወንበር ደግሞ ወደ መስኮቱ አስጠጋው፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄ ከብረቷ ይበልጥ ይረዳሃል።

ገበያ ላይ እስክታገኛት ግን አትጠብቅ። ዜኒት ኢ በራሷ የምታነሳበት ቆጣሪ አላት። ካሜራዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ፣ ቆጣሪውን ሙላና ልቀቀው፤ ስትተኩስ ጣትህ ጨርሶ አይነካትም። እንዲያውም ሮጠህ አያትህ አጠገብ ትቀመጣለህ። በዚህ ቅዳሜ ሂድ።