የደንበኛ ምስጢር አደራ ነው

አደራ ማለት የራስን ነገር አምኖ በሌላ ሰው እጅ ማስቀመጥ ነው። አደራ ተቀባዩ ይጠብቃል እንጂ አይሸጥም፤ ባለቤቱ ሲጠይቅም ይመልሳል። እህልና ከብት፣ ገንዘብም በዚህ ሥርዓት ሲጠበቁ ኖረዋል። ዛሬ ከእነዚህ ያላነሰ ዋጋ ያለው ሌላ አደራ በየሱቁ ይገኛል፤ እርሱም የደንበኞች የግል መረጃ ነው።

በነቀምቴ ከተማ በአንድ ቀን ውስጥ ጉዳያችሁን ስትፈጽሙ መረጃችሁን በስንት ቦታ ትታችሁ እንደምትመለሱ እስቲ አስቡ። በፎቶ ቤት መልካችሁ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት የመታወቂያችሁ ቅጅ፣ በመድኃኒት ቤት ሕመማችሁ፣ በቴሌብር ወኪል ዘንድ ስልክ ቁጥራችሁ ይቀራል። ከጊምቢ ወይም ከደምቢ ዶሎ መጥቶ የሚያድር መንገደኛም ስሙንና የመጣበትን ስፍራ በሆቴል መዝገብ ያስመዘግባል።

ይህ ሁሉ ለባለ ሱቁ ተራ ወረቀት ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ የመታወቂያ ቅጅ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ቢወጣ አጭበርባሪ በሰው ስም ሊጠቀምበት ይችላል። የበሽተኛ ምስጢር ከመድኃኒት ቤት ቢወጣ ሰውየው በጎረቤቱ ፊት ይሸማቀቃል። ወለጋ ባለፉት ዓመታት እንዳየችው ጸጥታ በደፈረሰ ጊዜማ፣ ማን የት እንዳደረና ማን ለማን ገንዘብ እንደ ላከ የሚያሳይ መዝገብ በክፉ እጅ ቢወድቅ ለሰው ሕይወት መጥፋት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

«ሕጉ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ጠበቃ የሌለው አነስተኛ ነጋዴ እንዴት አድርጎ ይከተለዋል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሕጉን ጉዞ ስንመረምር መልሱን እናገኘዋለን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ደነገገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የደብዳቤ፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነቶችን ምስጢር መብት አድርጎ አጸና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የመረጃ ሰብሳቢዎችን ግዴታ በዝርዝር አስቀመጠ፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲሆን አደረገ። እንግዲህ ከዘመን ዘመን የተለወጠው መሣሪያው ነው፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም።

ይህን መሠረት የያዘ ነጋዴ አዲስ ሕግ በወጣ ቁጥር አይደናገጥም። በመጀመሪያ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ለምን እንደሚጠይቅ ለደንበኛው አስረድቶ ፈቃዱን ይቀበላል፤ ለአንድ ጉዳይ የተቀበለውንም ለሌላ አያውልም። ሦስተኛ፣ መዝገቡን በቁልፍ፣ ኮምፒዩተሩን በምስጢር ቁጥር ይጠብቃል፤ ጊዜው ያለፈበትን ወረቀትም ቀዶ ያስወግዳል። አራተኛ፣ ደንበኛው መረጃውን ለማየት ወይም ለማሳረም ሲጠይቅ አይከለክለውም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም መረጃ አፈትልኮ ቢወጣ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መደበቁ አይጠቅምም፤ አዋጁም በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ እንዲነገር ያዛል።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለበት። አዋጁ የታወጀው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ የነቀምቴ፣ የነጆና የሻምቡ ገበያተኛ ግን በአብዛኛው የሚነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሰው ባልገባው ቋንቋ የፈረመው ፈቃድ እውነተኛ ፈቃድ አይባልም። ስለዚህ ሕጉን ለነጋዴው በሚገባው ቋንቋ ሳያስተምሩ ቅጣትን ማስቀደም ፍትሐዊ አይሆንም።

ቅጣቱ ከባድ ሊሆን እንደሚችልም ከጎረቤታችን ከኬንያ እንማራለን። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የኬንያ የዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተማሪዎችን ፎቶግራፍ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ያሰራጨ አንድ ትምህርት ቤት 4,550,000 ሽልንግ እንዲከፍል ወስኗል። ሆኖም ነጋዴን ሊያስጨንቀው የሚገባው የገንዘቡ ቅጣት ብቻ አይደለም። መቀጮ ተከፍሎ ያልቃል፤ አደራ በላ ተብሎ የወጣ ስም ግን በቀላሉ አይመለስም።

ከእናንተም መካከል ነገ ሱቅ የሚከፍት፣ በባንክ ወይም በሆቴል የሚቀጠር ይኖራል። እስከዚያው ድረስ ግን መረጃችሁን ስትጠየቁ «ለምን ይፈለጋል? የትስ ይቀመጣል?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ባለቤቱ የሚከታተለው አደራ በቀላሉ አይበላም።