የቆሰለውን ስትልኩ ሰዓቱንም ላኩ

በመርካቶ ገበያ ከሚገኙት ተራዎች መካከል ዱባይ ተራ የሚባለው፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ነጋዴዎች ከዱባይ እያመጡ በሚያራግፉት ልብስ፣ ጫማና ልዩ ልዩ ሸቀጥ የታወቀ ነው። ከገጠር የሚመጣ አርሶ አደርም ያመረተውን ሸጦ ለልጁ ጫማ፣ ለራሱም ጃኬት ለመግዛት ወደዚሁ ጎራ ማለቱ የተለመደ ነው። ከዚህም ሌላ በየመተላለፊያው ጭነት ተሸክመው የሚሯሯጡትና ጋሪ የሚገፉት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየገበሬ ማኅበሩ የወጡ የአርሶ አደር ልጆች መሆናቸውን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚገባ ያውቁታል። ስለሆነም በዱባይ ተራ የሚደርሰውን አደጋ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሠፈሩ ሰው ከሰው የሚጋፋበት፣ መተላለፊያው በሸቀጥ የተጣበበ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያው በመርካቶ፣ በሸማ ተራ ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ የመንገዱ ጥበት እሳቱን የማጥፋቱን ሥራ አዳጋች እንዳደረገው በወቅቱ ተገልጿል። የእሳት አደጋ መኪና የሚቸገርበት ሠፈር ለአምቡላንስም የሚመች አይሆንም። በዚህም የተነሣ የተጎዳ ሰው በሰው ሸክም ወይም በእጅ ጋሪ እስከ ዋናው መንገድ ይወሰድና ከዚያ በተገኘው ታክሲ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ይላካል። በርቀት ሲታይ ቅርብ ነው፤ በሰዓት ሲለካ ግን እንደ ዕለቱ ግርግር ይለያያል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚሁ ተራ ተዘዋውሮ ነጋዴዎችንና ተሸካሚዎችን ባነጋገረ ጊዜ የያዘው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ወይም በስለት ተቆርጦ ደም ሲፈስሰው አደጋው የደረሰበትን ሰዓት የሚይዘው ማን ነው? አንድ ቀን ስለ ደረሰ አንድ አደጋ እንኳ መልሱ የተለያየ ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ከዙሁር በፊት ነው ሲል፣ ሌላው ሱቅ እንደተከፈተ፣ ሦስተኛው ደግሞ ምሳ ሊበላ ሲል መሆኑን ተናግሯል። ይህ ሁሉ የሚባለው የእጅ ሰዓት የሚሸጡ አዟሪዎች በሚመላለሱበት ሥፍራ ላይ ነው! በገጠርም ቢሆን ከብት ሲሰማራ፣ ጥጃ ሲታሰር፣ ሲነጋጋ ማለት የተለመደ ስለሆነ ከተሜውን ለመንቀፍ መብት የለንም።

ሰዓቱ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ያለው በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን ሕክምና በተደረገ አንድ ትልቅ ምርምር ላይ ነው።

ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ ናቸው። ሰው ሲቆስል ሰውነቱ ደሙን አርግቶ ቁስሉን ይደፍናል። የረጋው ደም በተዳፋት መሬት ላይ እንደተሠራ እርከን ጎርፉን ይገታል ማለት ነው። ይሁንና ሰውነት ራሱ ይህን እርከን የሚያፈርስ ነገር ያመነጫል፤ በከባድ አደጋ ጊዜ ደግሞ የማፍረሱ ሥራ ይበረታል። መድኃኒቱ የሚያደርገው እርከኑ እንዳይፈርስ መጠበቅ ነው። ዋጋውም ከብዙ የሆስፒታል መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

ታዲያ ይህ መድኃኒት በአደጋ የቆሰለን ሰው ከሞት ያድናል ወይ? ይህን ለማወቅ ክራሽ 2 የተባለ ምርምር በ40 አገሮች፣ በ274 ሆስፒታሎች፣ በ20,211 ቁስለኞች ላይ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። የተሠራበትን መንገድ የገበሬ ማኅበር መሪ ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። መሬት ሲደለደል ዕጣ የሚጣለው ለዘመድ እንዳይደላ ነው። በዚህም ምርምር መድኃኒቱን ማን ያግኝ፣ መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ ማን ይውሰድ የሚለው የተወሰነው በዕጣ ነው። ሐኪሙ ይድናል ብሎ ላሰበው ብቻ መድኃኒቱን ቢሰጥ ኖሮ ያዳነው መድኃኒቱ ይሁን የሰውዬው ጥንካሬ መለየት ባልተቻለ ነበር። ሌላው ሕክምና ለሁለቱም ወገን ሳይጓደል ይሰጣል። በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ አንዱን እርሻ ማዳበሪያ አድርጎ ጎረቤቱን ያለ ማዳበሪያ የመዝራቱ ዘዴ ከዚሁ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚመዘነው ኩንታል ሳይሆን የሰው ሕይወት መሆኑ ነው።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። መድኃኒቱን ካላገኙት ከ1,000 ሰዎች 160 ሲሞቱ፣ ካገኙት ከ1,000 የሞቱት 145 ናቸው። ከየ1,000 ሰው 15 ሰው ተረፈ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ መልካም ዜና ነው። ተመራማሪዎቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የየሰውን ሰዓት ለይተው ሲመረምሩት ሌላ ነገር አገኙ። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው ከ1,000 ሰዎች በመድማት ምክንያት የሞቱት 53 ሲሆኑ፣ በዚያው ጊዜ ውስጥ ደርሰው መድኃኒቱን ካላገኙት የሞቱት 77 ነበሩ። ከሦስት ሰዓት ጊዜ በኋላ በደረሱት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። መድኃኒቱን ካገኙት ከ1,000 ሰዎች 44፣ ካላገኙት ደግሞ 31 በመድማት ሞቱ። ዘግይቶ የተሰጠው መድኃኒት ጉዳት ያመጣ መሆኑ ታየ።

ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሐኪሙ መድኃኒቱን በእጁ ይዞ ቁስለኛው ፊት ቆሟል። በጊዜው ከሆነ ያድነዋል፤ ጊዜው ካለፈ ሊጎዳው ይችላል። ቁስለኛው ራሱን ስቶ ከሆነ አይናገርም። ይዞት የመጣው ባለታክሲ ዋናው መንገድ ላይ ስለተቀበለው አያውቅም። ሐኪሙ የሚያስፈልገው ማስረጃ የቀረው አደጋው በደረሰበት ሥፍራ፣ ማለትም በዱባይ ተራ መተላለፊያ ወይም በእናንተ ገበሬ ማኅበር ቀልበስ ላይ ነው።

በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈስሳቸው እናቶችም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና 20,060 እናቶች የተካተቱበት ምርምር፣ መድኃኒቱ ከወለዱ በኋላ በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሲሰጥ በመድማት የሚሞቱትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በዚሁ የጊዜ ገደብ ውስጥ እንዲሰጥ መክሯል። የሁለቱን ምርምሮች ከ40,000 በላይ ሕሙማን አንድ ላይ አድርጎ የተሠራው ጥናት ደግሞ በየ15 ደቂቃው መዘግየት የመድኃኒቱ ጥቅም 10 በመቶ ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ ደርሶበታል። ቃሬዛ ተሸካሚዎች ለመቀባበል ቆም በሚሉበት ጊዜ ይህን ቁጥር ቢያስቡት ይጠቅማል።

በአገራችን ይህ የሕክምና ዘርፍ አዲስ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊስት ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የወጡት በ2013 ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥርም ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመው አቤት ሆስፒታል ይገኛል። (ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ቢሆንም፣ ለአማርኛ ጆሮ የተጠራ ሰው የሚመልሰው ቃል ስለሆነ ከዚህ የተሻለ አይገኝለትም።) እነዚህ ባለሙያዎች ስለ አገራቸው ቁስለኞች ሲመራመሩ የሚያገላብጡት የሕሙማን ካርድ ነው። በካርዱ ላይ ቁስለኛው በር ላይ የደረሰበት ሰዓት ሊኖር ይችላል። የቆሰለበት ሰዓት ካልተጻፈ ግን ተመራማሪው ከየት ያመጣዋል? ምርምሩ ከሆስፒታሉ በር ይጀምራል፤ ከበሩ ወዲህ ያለው የእኛ ነው። በእኔ አስተያየት የገበሬ ማኅበራት በሕክምና ምርምር ላይ ሊያደርጉት ከሚችሉት አስተዋፅኦ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ወጪውም አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ነው።

ሰዓት ሲጻፍ መጠንቀቅ የሚያስፈልግበት አንድ ነገር አለ። እኛ ከጧቱ 3 ሰዓት የምንለውን የውጭው አቆጣጠር 9 ሰዓት ይለዋል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። የሆስፒታል ካርድ በእንግሊዝኛ ስለሚሞላ «3 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የተላከ ወረቀት ከሌሊቱ ወይም ከቀትር በኋላ እንደሆነ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። የሦስት ሰዓት ጊዜ ሕይወትንና ሞትን በሚለይበት ጉዳይ የስድስት ሰዓት ስሕተት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ስለዚህ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ከ20» ተብሎ ሙሉው ይጻፍ። በአካባቢው ሰዓት ያለው ሰው ካልተገኘ ከብት ሲሰማራ ተብሎም ቢጻፍ ከባዶ ይሻላል፤ የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ሰዓት ልትመልሰው ትችላለች።

ሁለተኛው የወረቀቱ ቃል የሰውዬው ስም፣ የገበሬ ማኅበሩና የአንድ ዘመዱ ስልክ ነው። በዱባይ ተራ የሚሸከመው የእናንተ ልጅ ቢወድቅ አባቱ ማን እንደሆነ የሚያውቅ በአጠገቡ ላይኖር ይችላል። ነገሩ ከምርምርም ጋር ይያያዛል። በሕሙማን ላይ ምርምር ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊፈቅደው፣ ሕመምተኛውም ሊስማማ ይገባል። ራሱን የሳተ ሰው መስማማት ስለማይችል ዘመዱ ይጠየቃል። ዘመዱ ካልተገኘ ስለ እርሱ የሚናገር የገዛ ወገኑ የለም። ዘመድ ሲጠየቅም ምርምሩ ምን እንደሆነ፣ ሊያመጣ የሚችለው ጉዳት ምን እንደሆነ የመጠየቅ፣ ካልተስማማውም እምቢ የማለት መብት አለው። እምቢ በማለቱ ሕክምናው አይጓደልበትም። ይህን በስብሰባ ላይ ማስረዳት የመሪዎች ሥራ ነው፤ ባለማስረዳት የተነሣ ሆስፒታል ሰው ላይ ይሞክራል የሚለው ወሬ እንደሚነዛ ይታወቃል።

አንዳንድ መሪዎች ሰዓት መጻፍ መንገዱን አያሳጥርም ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አያሳጥርም። ይሁንና ቁስለኛው የወደቀበት፣ ከቤት የተነሣበት፣ መኪና መንገድ የደረሰበትና ጤና ጣቢያ የገባበት ሰዓት በቃለ ጉባኤ መዝገቡ ጀርባ ቢመዘገብ፣ ከዓመት በኋላ ጊዜው የባከነው የት እንደሆነ ይታያል። የጤና ባለሙያዎች ሦስቱ መዘግየቶች ይሏቸዋል፤ ለመሄድ ሲወሰን፣ በመንገድ ላይ፣ ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላም። በአንዱ ገበሬ ማኅበር ሽማግሌ እስኪመክር የሚያልፈው ጊዜ፣ በሌላው አምቡላንስ ሲጠበቅ ከሚያልፈው በልጦ ሊገኝ ይችላል። አምቡላንስ ለመጠየቅ ወረዳ የሚሄድ መሪም መዝገብ ይዞ ቢሄድ ተሰሚነት ይኖረዋል።

ማኅተም የሌለበት ወረቀት ወረቀት አይደለም የሚል መሪም አይጠፋም። ማኅተሙ ያለው በጸሐፊው ቤት፣ ጸሐፊውም በገበያ ላይ ከሆነ ቁስለኛው ይጠብቅ ማለት ነው? ማኅተም አያስፈልግም። ወረቀቱ እስኪጻፍም ቁስለኛው አይቆምም፤ አንዱ ሰው ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አድርጎ በእጁ አጥብቆ ይጫን፤ የቡና ዱቄት ወይም አፈር መነስነስ ይቅር። ሌላው ቃሬዛውን ያዘጋጅ፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ባለበት አካባቢም በ907 ይደውል። የሚጽፈው ሦስተኛው ሰው ነው። ወረቀቱን በቁስለኛው ኪስ መክተት አይበጅም፤ ሆስፒታል ሲደርስ ልብሱ በመቀስ ተቀዶ ሊጣል ይችላል። አብሮት የሚሄደው ሰው በእጁ ይያዘውና መጀመሪያ ለሚቀበለው ነርስ ይስጥ።