ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ተምረዋልን?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ይደነግጣል። በ2014 ዓ.ም. ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ክርክሩም በየዓመቱ ያው ነው፤ አንዱ ፈተናው ከበደ ይላል፣ ሌላው ኩረጃ ስለ ቀረ እውነቱ ወጣ ይላል፣ ሦስተኛው መምህሩን ይወቅሳል። በፒያሳ ማኪያቶ ቤቶችም ሆነ በምክር ቤት ወንበሮች ላይ ሁሉም የሚነሣው ከመጨረሻው ክፍል ነው። የእኔ እምነት ግን ሌላ ነው። እነዚህ ልጆች የወደቁት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ነው። ይህንንም ዓለም አቀፍ ልኬቶች አስቀድመው ነግረውናል፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ገንዘብ በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ልኬት ተካሂዶ ነበር። በብዙ ድሃ አገሮች የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ልጁ ለብቻው ከመርማሪ ፊት ይቀመጣል፣ ፊደል ይለያል፣ ቃል ያነባል፣ አጭር ታሪክ ለአንድ ደቂቃ ካነበበ በኋላ ስላነበበው ይጠየቃል። ከ13,000 በላይ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ተመረመሩ። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ግማሽ የሚጠጉት ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። ሦስተኛ ክፍል ደርሰው አንድ ቃል የማያነቡት ደግሞ ከአምስት አንድ ነበሩ።

እስቲ እናስላ። በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ፣ ክፍል ካልደገመ፣ ሁለተኛ ክፍል የነበረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ልኬቱ ከተካሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ስለ እርሱ ትውልድ ነበር። ዛሬ «ድንገተኛ ውድቀት» የምንለው ነገር አሥር ዓመት ሙሉ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው፤ የእኛ የባሰው ግን በሽታው በግልጽ ተጽፎልን ሳለ ወረቀቱን አጣጥፈን ማስቀመጣችን ነው።

በንጽጽር መደንገጥ ለእኛ አዲስ አይደለም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት በዩኔስኮ አማካይነት ስለ ትምህርት የመከሩት በዚሁ በአዲስ አበባ ነበር። ነፃነቷን በኩራት የምትጠቅሰው ኢትዮጵያ፣ በትምህርት ቤት ልጆች ብዛት ገና ከቅኝ ግዛት ከወጡት ከብዙዎቹ ኋላ መቅረቷን በቁጥር ያየችው ያን ጊዜ ነው። ጉባኤው እስከ እ.ኤ.አ. 1980 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ይዳረስ ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ የተወዳደረው በዚህ በገቡ ልጆች ቁጥር ነው። በ1986 ዓ.ም. ከሦስት ሚሊዮን ያነሱ የነበሩት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በ2009 ዓ.ም. ከ20 ሚሊዮን አለፉ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የአራተኛ ክፍል አገር አቀፍ ምዘና አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 47.9 በመቶ፣ በ1996 ዓ.ም. 48.5 በመቶ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 40.9 በመቶ ወረደ። ወንበሩ ሲሞላ ትምህርቱ እየሳሳ ነበር።

በባዕድ መለኪያ የሚቆጡ ወገኖች አሉ፤ ቁጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ባንክ እጅ አለበት የተባለው «ሴክተር ሪቪው» ያለ መምህሩና ያለ ሕዝቡ ምክር ተዘጋጅቶ በ1966 ዓ.ም. መምህራንን ለአድማ ያስወጣ ጥናት ነበር። በ1990ዎቹም ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣው የ«ፕላዝማ» ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገብቶ፣ ልጁ ተከተለ አልተከተለ ሳይል በእንግሊዝኛ ይሮጥ ነበር፤ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ቴሌቪዥን ከፋች ሆኖ ቀረ። ነገር ግን ልብ እንበል፤ «ፕላዝማ»ን ያመጣብን ልጆቹ የገባቸውን ሳይጠይቁ መፍትሔ የመግዛት ልማድ ነው። ልኬት ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ወር ባጋለጠው ነበር።

ከመለኪያዎቹ መካከልም መምረጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው «ፒዛ» የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪዎችን ይመዝናል። ጀርመን በ2001 ውጤቷን ስታይ ተደናግጣ የትምህርት መመዘኛዎቿን ለመከለስ ተነሣች፤ ጠቅሟታል። ለእኛ ግን ብዙ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወይ ገና በታች ክፍል ያለ ወይ ከትምህርት ቤት የወጣ ነው። ለታዳጊ አገሮች ተብሎ በተዘጋጀው «ፒዛ» ዛምቢያና ሴኔጋል ተካፍለው ነበር፤ በንባብ ዝቅተኛውን ደረጃ ያለፈው ከአሥር አንድ እንኳ አልሞላም። ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ስማችንን ለማየት ብቻ ከሆነ ወጪው ከንቱ ነው። ጥያቄው «ስንተኛ ወጣን?» ከሆነ መልሱ ለጋዜጣ ርእስ ይበቃል፤ ነገ ጠዋት አርባና ሃምሳ ልጅ ፊቱ ለሚቀመጥ መምህር ግን ምንም አይነግረውም።

በቋንቋዎች መካከልም ደረጃ ማውጣት ስሕተት ነው። በደቂቃ የሚነበብ ቃል መቁጠር ከእንግሊዝኛ የመጣ ልማድ ነው፤ የእኛ «አልመጣችምን» በእንግሊዝኛ አራት ቃል ይወጣታል። አማርኛ በፊደሉ፣ አፋን ኦሮሞ በላቲን ቁቤው ይነበባሉ፤ የሁለቱን ልጆች ፍጥነት አስተያይቶ «እነዚያ በለጡን» ማለት ልኬቱን ለብሔር እሽቅድምድም ማዋል ነው፤ ከዚህ ደግሞ የበቃን ይመስለኛል። ልጁ መነጻጸር ያለበት በዚያው ቋንቋ ከትናንትናው ከራሱ ጋር ነው።

የሚጠቅመን ንጽጽር የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የሚመሩት «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ተከታትሏል። ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት፣ በአምስት ዓመታቸው፣ በአገሮቹ ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት ያን ያህል አልነበረም። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ግን የቬትናም ልጆች ርቀው ሄደዋል። አንድ ዓመት ትምህርት በቬትናም የሚሰጠው ዕውቀት በሌሎቹ አንድ ዓመት ከሚሰጠው ይበልጣል ማለት ነው። ቬትናም በ2012ቱ «ፒዛ» በሒሳብ 511 አምጥታ የባለጸጎቹን አገሮች አማካይ 494ን ስትበልጥ ዓለም ተደነቀ፤ ልዩነቱ ግን አስቀድሞ በታችኛው ክፍል ታይቶ ነበር። ተመራማሪዎች በምክንያቱ ላይ እስካሁን ይከራከራሉ። ልዩነቱ የሚከፈትበት ስፍራ ግን ታውቋል፤ እርሱም የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ናቸው። እኛ ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ልጁ አወቀ አላወቀ ሳንል ከክፍል ወደ ክፍል በራሱ እንዲያልፍ አድርገን ኖረናል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የኔታ ልጁን በፊደል ገበታ ላይ «ሀ ሁ» ካስቆጠሩት በኋላ ወደ «አቡጊዳ» ያሻግሩታል። አቡጊዳ ምንድን ነው? ፊደሉን ከተለመደው ተራ አውጥቶ የሚያቀላቅል ገበታ ነው፤ ልጁ ዜማውን ይዞ ይሁን ፊደሉን ለይቶ የሚታወቅበት። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት ይቀጥላል፤ የኔታ በጆሯቸው ሰምተው ሳያረጋግጡ የሚሻገር የለም። በዘመናዊው ክፍል ግን ሃምሳ ልጅ ገበታውን በአንድ ድምፅ ይዘምረዋል፤ አንዱን ፊደል ከመካከል ነጥላችሁ ብትጠይቁ ዝም የሚለው ብዙ ነው። የንባብ ልኬቱ ልጁን ለብቻው አስቀምጦ ፊደል ሲያስለየው የኔታ በአቡጊዳ ያደርጉት የነበረውን ነው የሚያደርገው። በአንድ ነገር ደግሞ ይበልጣቸዋል፤ በግዕዝ ዳዊት የደገመው ልጅ ትርጉሙን አይጠየቅም ነበር፣ ይህኛው ግን «ምን ተረዳህ?» ይለዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት የልኬቱ ውጤት ወደ መምህሩ ይድረስ። የአገር አቀፍ ምዘናዎቻችን ዘገባ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለ አንደኛ ክፍል ንባብ በተጻፈ ዘገባ የአንደኛ ክፍል መምህርት ተጠቃሚ ካልሆነች ለማን ተጻፈ? ሁለት ገጽ በምታስተምርበት ቋንቋ ይበቃታል፤ ልጆች የሚሰናከሉበትን ፊደል፣ የሚያደናግራቸውን ቃል፣ ቢሞከር የሚሻለውን መንገድ የሚነግር። ቀጥሎም መምህርቷ ራሷ እያንዳንዱን ልጅ በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ታድምጠው። ለሃምሳ ልጅ የሁለት ጠዋት ሥራ ነው። ከዚያ በቀን አንድ ሰዓት ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በችሎታቸው መድባ ታስተምር፤ በሕንድ «ፕራታም» የተባለው ማኅበር ይህንን ሞክሮ ውጤቱ በጥብቅ ጥናት ተመስክሮለታል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2015 «ቱሶሜ»ን በአገር ደረጃ ስትጀምር ወደ ክፍል እየገቡ መምህሩን የሚያዩ፣ ጥቂት ልጆችንም እዚያው የሚያስነብቡ ደጋፊዎች አሠማርታለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ውጤቱ መምህር መቅጫ፣ ርእሰ መምህር ማሞገሻ ከሆነ ያን ዕለት ልኬቱ ይሞታል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፈተና ተሰርቆ የተሰረዘብን፣ ከዚያም ተፈታኙን ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ እስከ ማጓጓዝ የደረስን ሕዝቦች ነን፤ ቁጥር እንጀራ ሲሆን ምን እንደሚከተል ማንም ሊያስተምረን አይችልም።

ይህን ዛሬ የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። የንባብ ልኬቱን ሲከፍል የኖረው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ተዘግቷል። ልጆቻችን ማንበብ መቻላቸውን የምናውቀው በባዕድ ችሮታ ነበር፤ ችሮታው ሲቀር ዕውቀታችንም አብሮ ሊቀር ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። የተሠራውን መንገድ ርዝመት በኪሎ ሜትር የሚነግረን አለ። ከውቤ በረሃና ከአካባቢው የሄዱት ልጆች በአዲሱ ትምህርት ቤታቸው በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያነቡ የሚነግረን ግን ማን ነው? ትምህርት ሚኒስቴር ከውቤ በረሃ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ለልኬቱ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት፣ አንድ ሰዓትና የሚያዳምጥ ጆሮ ነው፤ ይህ ደግሞ በብድር የሚመጣ ነገር አይደለም።