ደስታን ለነገ አናሳድር

በአዲስ አበባ በጉለሌ ሰፈሮች ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል በየግቢው በር ላይ የተጋደመ ውሻ አይጠፋም። ሌሊቱን ጅብና ሌባ ሲጠብቅ ያደረ ነውና ሰነፍ የሚለው የለም፤ ሥራውን ሠርቷል፣ ፀሐይዋ ትገባዋለች። እኛ ግን ለጠባቂያችን የማንነፍገውን ለራሳችን እንነፍጋለን። ዲግሪው ሲያዝ፣ ቤቱ ሲሠራ፣ ልጆቹ ሲደርሱ እያልን ኑሮን «ሲያልፍልኝ» በምንለው ቀን ላይ እንቀጥረዋለን። እኔ የምለው ትንንሽ ደስታዎች የስኬት ሽልማት ሳይሆኑ የትጋት ስንቅ ናቸው ነው። ስንቅ ደግሞ መንገድ ላይ እንጂ ከደረሱ በኋላ አይበላም።

ለዚህ አንዱ ማስረጃ ከጉለሌ ራስጌ ያለው እንጦጦ ነው። ምኒልክ መናገሻቸውን እዚያ ያደረጉት ከፍታው ለመከላከል ስለሚመች ነበር። ይሁን እንጂ ተራራው ብርድና ነፋስ የበዛበት፣ ማገዶውም ያለቀበት ነበር። ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብ ወደ ፍልውሃ መውረድ ሲያዘወትር ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል የሜዳውን ሙቀት ወደዱት፤ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቆረቆሩ። ይህች ከተማ ገላን በሙቅ ውሃ ከመታጠብ ደስታ ጋር አብራ የተወለደች ናት። ደስታው ግን ዓላማን አላላላም። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ጫኑ፤ ሙቅ ውሃውን የወደዱት ጣይቱም በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ድረስ ዘመቱ።

ዛሬም እንጦጦ ያንኑ ያስተምራል። ወደ 3 ሺሕ ሜትር በሚጠጋው ከፍታ ላይ፣ በባሕር ዛፉ መካከል ንጋት ላይ የሚሮጡት አትሌቶቻችን ከከባድ ልምምድ ማግስት ቀለል ያለ ሩጫ ይሮጣሉ፤ ልምምድ ጨርሰው መተኛትንም እንደ ሥራ ይቆጥሩታል። እንጦጦን በልምምድ የሚያውቀው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡03፡59 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር ዕድሜው 35 ነበር። ያን ያህል ዘመን የሚዘልቅ ጉልበት በልምምድ ብቻ አይገነባም። ሳይንሱም ከዚህ አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ያለ ነው።

«ውሻው የቤት ኪራይ የለበት!» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መወርወሪያውን ግራና ቀኝ ሲወረውር የሚውለው ሸማኔ የሚከፈለው በሠራው ልክ ነው፤ እጁ ባረፈ ቁጥር ገቢው ይቆማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ወስኗል፤ በሳምንት የ24 ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ደንግጓል። ይህ ሕግ ግን ቤቱ ውስጥ ለራሱ ለሚሸምነው አይደርስለትም። እንዲህ ላለው ሰው «ትንሽ አረፍ በል» ብሎ መምከር በችግሩ ላይ ወቀሳ መጨመር ነው። ተጠያቂዎቹ ለጥበቡ የሚገባውን ዋጋ የማንከፍል ገዢዎችና ከተማዋን የሚያስተዳድሩ ናቸው። ከ700 ሄክታር የሚበልጠው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልና የእንጦጦ ፓርክ እዚሁ አጠገቡ ናቸው፤ ድሃው ከነቤተሰቡ ኪሱን ሳይዳብስ የሚገባባቸው መሆን አለባቸው። በተረፈ ከጎረቤት ጋር ቡና ለመጠጣት ከሥራው የሚነሳው ሸማኔ ከእኔ ምክር አያስፈልገውም። ምክሩ የሚያስፈልገው ደመወዝ እያለው ፈቃዱን ለሚያከማቸው፣ ማዕድ ላይ ስልኩን ለሚጎረጉረው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ ባለው የረካ አያድግም፣ ድሃ አገር ደግሞ እርካታን አትችልም ይላል። ዛሬ በተገኘው መደሰትና በደልን ወይም ድህነትን አሜን ብሎ መቀበል ግን አንድ አይደሉም። ውሻው ቀን ስለተኛ ሌሊት መጮኹን አልተወም፤ እንዲያውም የሚነቃው ስለተኛ ነው። የሚያሳድገን የደከመው ሳይሆን የነቃው ሰው ነው። ስለዚህ አሠሪ በእሑድ ሠራተኛውን አይጥራ፤ ፈቃዱንም እንደ ውለታ አይቁጠርበት። ወላጅ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ልጁን ለኳስና ለጨዋታ ሰዓት አይከልክል። እኛም ትልቁን እያለምን የዛሬውን ድርሻችንን ዛሬ እንውሰድ፤ ሲያልፍልን ልንደሰትበት ያሰብነው ሰውነት እስከዚያ ደስታን ረስቶ ከጠበቀን ማለፉ ምን ይፈይዳል?