ስለ ሸክም ሠራተኛው ትከሻ

የሰው ልጅ የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው በክንዱ ነው፤ ክንድም ኀይል የሚኖረው ትከሻ ሲጸና ነው። በአዳማ ገበያ፥ በመቂና በባቱ የሽንኩርት መጫኛ፥ በወንጂም የሸንኮራ አገዳ ማሳ ለዋለ ሰው ይኽን ማስረዳት አያሻም። ነገር ግን ይኽን ኹሉ ሸክም የሚችለው ትከሻ በተጐዳ ጊዜ፥ ተጐጂው ወዴት እንዲኼድ በቂ አሳብ የተደረገለት አይመስለንም።

ትከሻን በቦታው አጽንተው የሚይዙት በክንድ አጥንት ራስ ዙሪያ የተያያዙ የ4 ጡንቻዎች ጅማቶች ናቸው። እነዚኽም ዘወትር በሚደጋገም ሸክምና ክንድን ከራስ በላይ በማንሣት እየሳሱ ይኼዳሉ፤ በመውደቅ ወይም ከባድ ነገርን በድንገት በማንሣትም ይበጠሳሉ። ምልክቱ ክንድን ወደ ላይ ለማንሣት መቸገር፥ ሌሊትም በታመመው ጐን መተኛት አለመቻል ነው። ራጂ አጥንትን እንጂ የጅማትን መበጠስ ስለማያሳይ፥ «አጥንትኽ ደኅና ነው» የተባለው ሠራተኛ እንደ ሰነፍ ሊቈጠር ይችላል። ይኽ ፍርድ ቅን አይደለም፤ ጉዳቱ በአልትራሳውንድ ምርመራ ይታያልና።

ከሕዝባችን ብዙው አስቀድሞ የሚኼደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ የወለቀን ትከሻ በመመለስ ያደረገውን ውለታ አንክድም። ኾኖም የተበጠሰ ጅማት የወለቀ አጥንት አይደለም፤ ቢጐትቱትና አጥብቀው ቢያሹት ሊብስበት ይችላል። ይልቁንም ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው ትከሻው ሲወልቅ ጅማቱ ዐብሮ የሚበጠስበት ጊዜ ብዙ ስለኾነ፥ ከተመለሰለት በኋላ ክንዱን ማንሣት ካልቻለ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሕክምናው ለብዙዎች ቀዶ ጥገና የማያሻው ነው፤ ይኸውም ከሸክም ማረፍ፥ የሕመም ማስታገሻ መውሰድና በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሪነት ለብዙ ሳምንታት ክንድን ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው። ክንድን ለረጅም ጊዜ አስሮ ማቈየት ትከሻን ያደርቃል። በአደጋ ፈጽሞ የተበጠሰ ጅማት ግን በቶሎ ሊሰፋ የሚገባው ነው፤ ወራት ካለፉ ጡንቻው ስለሚሟሽሽ ጥገናው ያስቸግራል።

ስለዚኽ ለሹማምንቶቻችን የምናሳስበው አለን። ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ግን በ1959 ዓ.ም. ባወጣው የውሳኔ አሳብ፥ አንድ ጐልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ የበለጠ እንደ ኾነ ወደዚሁ ልክ እንዲቀነስ መክሯል። የጆንያው ልክ በግማሽ ቢቀነስ ነጋዴው የሚያጣው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው የሚያተርፈው ግን ዕድሜውን ነው። አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ለብዙ ጌቶች በየዕለቱ የሚሸከመው ሰው ግን ጌታዬ የሚለው አንድ አሠሪ ስለሌለው፥ የየከተማው አስተዳደር በየመጫኛው ሥርዐት ሊያቆምለት ይገባል። ወጌሾችም የትኛውን ሕመምተኛ ወደ ሐኪም መስደድ እንዳለባቸው በየሆስፒታሉ ትምህርት ቢሰጣቸው መልካም ነው።

ካህናት አባቶቻችንም ሕመምተኛው ችግሩን አስቀድሞ የሚያዋያችኹ እናንተን ነውና፥ ጠበሉን ሲጠመቅ ሐኪሙንም እንዳይተው ምከሩት። ባለመድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ያስተምራልና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የሠራተኛውን ትከሻ አይቶ ዝም ያለም ከጥፋቱ ነጻ አይኾንም።